ስለ ብቸኛ ቁጥሮችና ስለ ባሕረ ሐሳብ

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ቁጥር ነው። ቁጥር በተባለ ጊዜ ከመሥሪያ ቤት ሰው ፊት የሚደቀነው የደመወዝ መክፈያ መዝገብና የወር መጨረሻ ሒሳብ መሆኑን አውቃለሁ፤ ዛሬ ግን ከዚያ ሒሳብ ጋር ጕዳይ የለንም። ከመካከላችሁ በየወሩ በ12 የሚካኤልን ማኅበር የሚጠጣ ሰው እንዳለ እገምታለሁና ነገሩን ከእርሱ ቤት እጀምራለሁ።

በ2017 ዓ.ም. የመስከረም ሚካኤል እሑድ ዋለ። የጥቅምቱ ማክሰኞ፥ የኅዳሩ ሐሙስ፥ የታኅሣሡ ቅዳሜ፥ የጥሩ ሰኞ፥ የየካቲቱ ረቡዕ፥ የመጋቢቱ ዓርብ ሆነ። የሚያዝያው ተመልሶ እሑድ ላይ ወደቀ፤ ያን ዕለትም ትንሣኤ ነበረ። ስለ ትንሣኤው በኋላ እንመለስበታለን።

በዓሉ በየወሩ ሁለት ሁለት ቀን ወደ ፊት የሚራመድበት ምክንያት ግልጽ ነው። ጳጉሜን ስትቀር ወራችን ሁሉ 30 ቀን ነው፤ 30 ቀን ማለትም አራት ሳምንትና ሁለት ትርፍ ቀን ነው። ይህንስ ልብ ያለ ሁሉ ይደርስበታል። እምብዛም የማይጠየቀው ሌላው ነገር ነው፤ ሁለት ሁለት ቀን እየዘለለ የሚሄድ በዓል፥ በሰባት ወር ውስጥ ሰባቱን የሳምንት ቀኖች አንዲቱን ሳያስቀር፥ አንዲቱንም ሳይደግም ማዳረሱ ስለ ምን ይሆን?

እስቲ ሳምንታችን ስድስት ቀን ብቻ ቢሆን ኖሮ ብለን እናስብ። 30 በ6 ያለ ቀሪ ይካፈላልና የመስከረሙ ሚካኤል ሰኞ ከዋለ እስከ ነሐሴ ድረስ ሚካኤል ሁሉ ሰኞ ይሆን ነበር። ሳምንቱ ስምንት ቀን ቢሆን ደግሞ በዓሉ በየወሩ ስድስት ቀን እየተራመደ በአራት ቀኖች ላይ ብቻ ይመላለስ ነበር፤ ሌሎቹ አራት ቀኖች ማኅበር የሚባል ነገር ሳያዩ ዓመቱ ያልፍ ነበር። ሰባት ግን እንዲህ ያለ አድልዎ አያውቅም። ከሰባት ብዜቶች በቀር በማናቸውም እርምጃ ብትሄዱበት ሁሉንም ቀን ሳያዳርስ አይመለስም። ይህ ጠባዩ የመጣው የሒሳብ ሊቃውንት ብቸኛ ቁጥር ከሚሏቸው ወገን በመሆኑ ነው።

ብቸኛ ቁጥር ማለት ምን እንደ ሆነ ለማየት ከጓዳ ጥቂት የባቄላ ፍሬ ማስመጣት ይበቃል። ዐሥራ ሁለት ፍሬ ወስዳችሁ በተርታ ብትደረድሩ ሁለት ረድፍ በየስድስቱ፥ ወይም ሦስት ረድፍ በየአራቱ አስተካክላችሁ ልታቆሙት ትችላላችሁ። ሰባት ፍሬ ወስዳችሁ ግን ይህን ሞክሩ። ከአንድ ረጅም መሥመር በቀር እኩል ረድፍ የሚወጣው አይሆንም። ዐሥራ ሁለትን የመሰለው ውሑድ ቁጥር ይባላል፤ ከትንንሾች ብዜት የተሠራ ነውና። ከራሱና ከአንድ በቀር አካፋይ የሌለው ብቸኛ ይባላል። አንድ ራሱ ከሁለቱም ወገን አይቈጠርም፤ ሁለትም ከሙሉ ቁጥሮች መካከል በሙላት ብቸኛ የሆነ እርሱ ብቻ ነው፤ ሌላው ሙሉ ሁሉ ለሁለት ይካፈላልና። ከዚያ በኋላ 3፥ 5፥ 7፥ 11፥ 13፥ 17፥ 19፥ 23፥ 29 እያለ ይቀጥላል።

አሁን ወደ ጎጃም እንሻገር። ከእናንተ መካከል ለሥራ ወደ ደብረ ማርቆስ የተመደበ፥ ወይም ከዚያው የመጣ ጥቂት አይሆንም። ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከዓባይ ማዶ በደጋው ላይ የተቀመጠችው ይህች ከተማ ቀድሞ መንቆረር ትባል ነበር፤ የአሁኑን ስሟን የሰጣት የማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። በዙሪያዋም በቅርብም በሩቅም ደብረ ኤልያስ፥ ዲማ ጊዮርጊስ፥ ደብረ ወርቅ፥ መርጡለ ማርያም፥ ወዲያም ዋሸራ አሉ። የነዚህ አድባራት ስም ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያስበው ቅኔን ነው፤ ማሰቡም ትክክል ነው። ሆኖም ቅኔ የሚዘረፍበት አገር ቁጥርም የሚቀመርበት አገር መሆኑ ሲነገር እምብዛም አይሰማም። ባሕረ ሐሳብ የተባለው የዘመን ቁጥር ትምህርት፥ አቡሻኽር ከተባለው መጽሐፉ ጋር፥ የሊቃውንቱ ሀብት ነው፤ ተማሪውም ቁጥሩን በቃሉ ይይዘዋል።

እኔን የሚያሳስበኝ ነገር እዚህ ላይ ነው። በዚያ አገር ያደገ ልጅ በአንዱ ትምህርት ቤት ሰባትና ዐሥራ ዘጠኝ ብቸኛ ቁጥሮች መሆናቸውን ለፈተና ያጠናል፤ ለምን እንደሚጠቅሙት ግን አይነገረውም። በሌላው ትምህርት ቤት፥ በአበነቱ፥ ዓመተ ዓለምን በዐሥራ ዘጠኝና በሰባት መግደፍን ይማራል፤ ስለ ምን ሌላ ቁጥር እንዳልተመረጠ አይጠይቅም። ሰባቱም ያው ሰባት፥ ዐሥራ ዘጠኙም ያው ዐሥራ ዘጠኝ ሆኖ ሳለ ሁለቱን የሚያስተዋውቃቸው ሰው ይታጣል። ልጁም አድጎ መሥሪያ ቤት ሲገባ ሒሳብን ከባሕር ማዶ የመጣ፥ ባሕረ ሐሳብን ደግሞ የካህናት ምሥጢር ብቻ አድርጎ ይቈጥራል። በየዓመቱ በመስከረም የግድግዳ ካላንደር ገዝቶ ይሰቅላል፤ ጾሙ መቼ እንደሚገባ የሚያውቀውም አታሚው ሲነግረው ነው።

እንግዲህ እጃችንን እንሞክር። የ2017 ዓ.ም. ትንሣኤ እንዴት እንደ ተገኘ አብረን እናስላ፤ እርሳስ ያላችሁ ያዙ።

በ2017 ላይ 5500 ዘመነ ብሉይን ብንጨምር ዓመተ ዓለሙ 7517 ይሆናል። ይህን በ19 ገድፉት፤ 12 ይተርፋል። «አንዱን ለዘመን አትት» ይላሉና አንድ ቀንሱ፤ 11 ይቀራል፤ ይህ ወንበር ይባላል። ወንበሩን በ11 አባዙ፤ 121 ይሆናል፤ በ30 ቢገደፍ 1 ይተርፋል፤ ይህ አበቅቴ ነው። ያንኑ ወንበር በ19 አባዙ፤ 209 ይሆናል፤ በ30 ቢገደፍ 29 ይተርፋል፤ ይህ መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ምን ጊዜም 30 ናቸው፤ ካልሆኑ ከመንገድ ስታችኋልና ተመለሱ።

መጥቅዕ ከ14 ሲበልጥ በመስከረም፥ ከ14 ሲያንስ በጥቅምት ይውላል። የእኛ መስከረም 29 ሆነ፤ ዕለቱም ረቡዕ ነበረ። ዕለቱን ለማወቅ 7517ን በአራት ማካፈል፥ የደረሰውንም 1879 ከራሱ ከ7517 ጋር መደመርና በሰባት መግደፍ ነው፤ 9396 በሰባት ቢገደፍ 2 ይተርፋል። አንድ ማክሰኞ፥ ሁለት ረቡዕ ነውና መስከረም 1 ቀን ረቡዕ ባተ፤ ከዚያም 28 ቀን ተቈጥሮ መስከረም 29 እንደ ገና ረቡዕ ነው። የረቡዕ ተውሳክ 4 ነው፤ ከ29 ጋር 33፤ ሠላሳው ሲወድቅ 3። መባጃ ሐመሩ ይህ ነው፤ ሠላሳን ስለ ተሻገረም ጾመ ነነዌ ከጥር አልፎ የካቲት 3 ቀን ገባ። የትንሣኤ ተውሳክ 9 ነው፤ 3ና 9 ዐሥራ ሁለት፤ ከነነዌ ሁለት ወር አልፎ ሚያዝያ 12። ማኅበረተኛው የሚካኤልን ዝክር ከፋሲካው ጋር ያገናኘው በዚህ ነው።

ከዚህ ስሌት ውስጥ እጅግ የሚያስደንቀኝ የአበቅቴው ተርታ ነው። ፀሐይ በ365 ቀን፥ ዐሥራ ሁለት ጨረቃ በ354 ቀን ይፈጽማሉና ልዩነቱ 11 ነው። ስለዚህ አበቅቴ በየዓመቱ 11 እየጨመረ፥ ሠላሳ ሲሞላ ሠላሳውን እየጣለ ይሄዳል። ከባዶ ተነሥቶ 11፥ 22፥ 3፥ 14፥ 25፥ 6፥ 17፥ 28፥ 9፥ 20፥ 1፥ 12፥ 23፥ 4፥ 15፥ 26፥ 7፥ 18 እያለ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ይፈጽማል። በዚህ ተርታ ውስጥ አንድም የተደገመ ቁጥር የለም። ሠላሳ የሁለት፥ የሦስትና የአምስት ብዜት ነው፤ ዐሥራ አንድ ግን ከሦስቱም ጋር ዝምድና የለውም። ልዩነቱ 10 ቢሆን ኖሮ ተርታው 10፥ 20፥ ባዶ እያለ በሦስት ዓመት ይመለስ ነበር፤ 12 ቢሆንም በአምስት። ዐሥራ አንድ ግን ማንም ባይገታው ሠላሳውን ቁጥር በሙሉ ሳያዳርስ አይመለስም።

የሚገታው ግን አለ። 18 ላይ 11 ቢጨመር 29 ይሆናል፤ ሊቃውንቱ ግን እዚያ ላይ 12 ጨምረው ሠላሳ ይሞሉትና ከባዶ ይጀምራሉ። ይህን አንድ ቀን ማዝለል የአውሮፓ ዘመን ቈጣሪዎችም ያውቁታል፤ የጨረቃ ዝላይ ይሉታል። ዝላዩ የተደረገው 19 የፀሐይ ዓመትና 235 የጨረቃ ወር እኩል ለመሆን ጥቂት ስለሚቀራቸው ነው፤ የአቴናው ሜቶን ይህን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ432 ዓመት አሳውቆ ነበር። በነገራችን ላይ፥ በተርታው ውስጥ 16 የሚባል አበቅቴ አታገኙም፤ ስለዚህ 14 የሚሆን መጥቅዕም የለም። «ከ14 በላይ፥ ከ14 በታች» ሲባል «ልክ 14 ቢሆንስ?» ብሎ የሚከራከር ብልህ ተማሪ ቢነሣ መልሱ ይኸው ነው።

ሊቃውንቱ ዙሪያ ዙሪያውን የሚመላለሱትን ዘመናት ዐውድ ይሏቸዋል። የሳምንቱ ዐውድ ሰባት ነው። ወንጌላውያኑ አራት ናቸው። ሰባትና አራት የጋራ አካፋይ የላቸውምና ዕለቱና ወንጌላዊው ተገናኝተው የሚመለሱት በ28 ዓመት ነው፤ ይህ ዐውደ ፀሐይ ነው። አራትና ዐሥራ ዘጠኝ በ76 ዓመት ይገናኛሉ፤ ይህ ዐውደ ማኅተም ነው። ሦስቱም፥ አራትና ሰባት ዐሥራ ዘጠኝም፥ የሚገናኙት በ532 ዓመት ነው፤ እርሱም ዐውደ ቀመር ነው። 532 ማለት 4 ጊዜ 7 ጊዜ 19 ነው እንጂ ሌላ አይደለም። በአበቅቴው ስፍራ 19 ባይሆን 20 ኖሮ ቢሆን፥ አራት በሃያ ውስጥ ተውጦ ዐውዱ በ140 ዓመት ያልቅ ነበር። 19 ብቸኛ በመሆኑ ማንም ሳይውጠው ዙሪያውን አስረዘመው። የ2017ቱ ትንሣኤ ከነዕለቱ፥ ከነአበቅቴው፥ ከነወንጌላዊው ቀድሞ የዋለው በ1485 ዓ.ም.፥ በዐፄ እስክንድር ዘመነ መንግሥት ነበር፤ ወደ ፊትም በ2549 ዓ.ም. ይመለሳል።

ይህ ሒሳብ በጎጃም አልተወለደም፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። የመጣው ከእስክንድርያ ነው። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ለዐሥራ ሁለተኛው የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ ይሰጠዋል። እስክንድርያ ደግሞ ከድሜጥሮስ ከአያሌ መቶ ዓመታት በፊት የቁጥር ከተማ ነበረች። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ ኤውክሊድ በዚያ አስተማረ፤ በተከታዩም መቶ ዓመት ኤራቶስቴንስ የታላቁ ቤተ መጻሕፍት ኀላፊ ሆነ። ኦቶ ኖይገባወር የተባለው የጥንት ሒሳብ ታሪክ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1979 በቪየና ባሳተመው መጽሐፍ የእስክንድርያው የዘመን ቁጥር ሥርዐት በግዕዝ መጻሕፍት ውስጥ ተጠብቆ መኖሩን አሳይቷል። መጽሐፉን ጠባቂው ግን ብራና ብቻ አልነበረም፤ በጎጃም ደጋ ከብርድና ከቍራሽ ልመና ጋር እየታገለ በቃሉ የያዘው ተማሪም ነበረ።

የኤራቶስቴንስ ዘዴ እስከ ዛሬ ወንፊት ይባላል፤ ስሙም ተስማምቶታል። ከ2 እስከ 100 ያሉትን ቁጥሮች ጻፉ። የሁለትን ብዜቶች ከራሱ በቀር ሰርዙ፤ ቀጥሎም የሦስትን፥ የአምስትን፥ የሰባትን። ከዚያ ወዲያ መድከም የለም፤ በወንፊቱ ላይ የቀሩት 25 ቁጥሮች ሁሉም ብቸኞች ናቸው። በሰባት ላይ የሚቆመው፥ ከመቶ የማይበልጥ ውሑድ ሁሉ ከዐሥር የማይበልጥ አካፋይ ስላለው ነው። ወንፊቱን እስከ 1000 ብትዘረጉት 168 ታገኛላችሁ። በመጀመሪያው መቶ ሃያ አምስት ነበሩና እየራቁ ሲሄዱ እየሳሱ እንደሚሄዱ ታያላችሁ።

እየሳሱ ሄደው ያልቁ ይሆን? አያልቁም፤ ይህን ያረጋገጠው ኤውክሊድ ነው፤ ክርክሩም ጠበቃ የሚቀናበት ዐይነት ነው። ብቸኞቹ 2፥ 3፥ 5ና 7 ብቻ ናቸው የሚል ሰው ቢነሣ አራቱን አባዝቶ 210 ያገኛል። (ማኅበራችን ሰባቱን ቀን ያዳረሰበት ሰባት ወርም 210 ቀን ነው።) አሁን አንድ ይጨምርበት፤ 211። ይህ ቁጥር በአራቱም ቢካፈል ምን ጊዜም አንድ ይተርፋል። ስለዚህ ወይ ራሱ ብቸኛ ነው፤ ወይም ከአራቱ ውጭ የሆነ ሌላ ብቸኛ ይካፈለዋል። 211 ራሱ ብቸኛ ሆኖ ተገኝቷል። ዝርዝሩን እስከ 13 ብትወስዱትና አንድ ብትጨምሩበት 30031 ይሆናል፤ እርሱ ውሑድ ነው፤ ነገር ግን የ59ና የ509 ብዜት ነውና ከዝርዝሩ ውጭ ሁለት አዲስ ብቸኞች አስገኘ። ዝርዝሩ ምንም ያህል ቢረዝም ክርክሩ ያው ነው።

59ን በ509 ማባዛት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። 30031 ብቻ ተሰጥቶት አካፋዮቹን ፈልግ የተባለ ሰው ግን ከቢሮው ሳይነሣ ሊመሽበት ይችላል። ሪቨስት፥ ሻሚርና አድልማን የተባሉ ሦስት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1977 በዚህ አለመመጣጠን ላይ ምሥጢር የመጠበቂያ ዘዴ ሠሩ፤ መቶዎች አኃዝ ያሏቸው ሁለት ብቸኞች ሲባዙ ብዜቱን ዓለም ቢያየውም አካፋዮቹን ማግኘት እጅግ ከባድ ነውና። ባንኮች በመገናኛ መሥመር የሚልኩትን ከሚጠብቁባቸው ዋና ዘዴዎች አንዱ ይህ ሆነ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ብቸኛ ቁጥር ደግሞ፥ ሁለት በራሱ 136,279,841 ጊዜ ተባዝቶ አንድ ሲቀነስለት የሚገኘው፥ ከ41 ሚሊዮን በላይ አኃዝ አለው። እርሱ እንኳ ለባንክ አያገለግልም፤ ለክብር ነው።

ባሕረ ሐሳብን ሳመሰግን ጉድለቱን ልሸፍን አልወድም። በ19 ዓመት ውስጥ ሒሳቡ ከእውነተኛይቱ ጨረቃ ጋር በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይለያያል። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ከ300 ዓመት በላይ ሲቈይ ግን አንድ ቀን ይሞላል። ስለዚህ የአበቅቴይቱ ጨረቃና የሰማይዋ ጨረቃ ዛሬ በጥቂት ቀናት ተለያይተዋል። ቢሆንም ይህ ሥርዐት ሕዝብ ሁሉ በአንድ ቀን እንዲጾምና በአንድ ቀን እንዲፈታ የተቋቋመ ስምምነት ነውና፥ እንደ መነጽር ሳይሆን እንደ ሕግ ሊመዘን ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ድሜጥሮስ ልመለስ። ትውፊቱ እንደሚለው፥ ይህን ሒሳብ እንዲገልጥለት ሌሊት 23፥ ቀን 7 ሱባዔ ገባ። ሱባዔ ሰባት ነውና የሌሊቱ 23 ጊዜ 7፥ 161 ሆነ፤ በሠላሳ ቢገደፍ 11 ተረፈ፤ አበቅቴ። የቀኑ 7 ጊዜ 7፥ 49 ሆነ፤ ሠላሳ ቢወድቅ 19 ተረፈ፤ መጥቅዕ። ሁለቱ ስለ ምን ተደምረው ሠላሳ እንደሚሆኑ አሁን ግልጽ ነው፤ 23ና 7 ሠላሳ ናቸውና ሱባዔው በጠቅላላው 210 ሆኖ በሠላሳ ያለ ቀሪ ይገደፋል።

እነዚህን አራት ቁጥሮች፥ 7፥ 23፥ 11፥ 19 ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። አራቱም ብቸኞች ናቸው፤ ጥንድ ጥንድ ሆነውም ሠላሳን ይሞላሉ። ሠላሳን የሚሞላ ሌላ የብቸኞች ጥንድ 13ና 17 ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1742 ጎልድባኽ የተባለ ሰው ከኦይለር ጋር በተጻጻፈው ደብዳቤ አንድ ጥያቄ አነሣ፤ ዛሬ በሚነገርበት ቃል፥ ከሁለት የሚበልጥ ሙሉ ቁጥር ሁሉ እንዲህ የሁለት ብቸኞች ድምር ይሆናልን? የሚል ነው። በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ እስከ አራት ቢሊዮን ቢሊዮን ድረስ ተፈትኖ አንድም የሚያፈርሰው ቁጥር አልተገኘም፤ ለሁሉም ቁጥር እውነት መሆኑን ግን እስከ አሁን ያረጋገጠ ሰው የለም። ለሠላሳ የሚሆኑትን ሦስት ጥንዶች ነግሬያችኋለሁ፤ ለ76 እና ለ532 የሚሆኑትን ጥንዶች እናንተ ፈልጉ።